«ክረምት» የትኛው ነው? የወሎ ጓሮና የተተረጎመው ምክር

ጥቅምት በገባ ቁጥር የጓሮ አትክልት ምክር በፌስቡክና በቴሌግራም ይበረክታል። «በክረምት የሚተከሉ አትክልቶች»፣ «ችግኝዎን ከክረምት ብርድ ያድኑ» የሚሉ፣ አብዛኞቹ ከእንግሊዝኛ የተመለሱ ጽሑፎችና ቪዲዮዎች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ደሴ ወይም ሐይቅ ተቀምጦ ለሚያነበው ሰው ግን ነገሩ ግራ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ብርዱ ደግሞ ገና መምጣቱ ነው። ታዲያ ችግኙን ከብርድ ይከላከላል የተባለው ላስቲክ መወጠር የነበረበት ባለፈው ሐምሌ ነው ወይስ በመጪው ታኅሣሥ? በየአስተያየት መስጫው የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ወቅቶችን በአንድ ስም እየጠሩ የሚደረግ ነው።

ግርታው ከቃል ቢጀምርም ችግኝ ይገድላል። ከውጭ የሚመጣው ምክር የተጻፈው ብርሃንና ሙቀት ለሚያጥርበት አገር ነው። በወሎ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ግንቦት ጓሮን የሚያደርቀው የውሃ እጦት ነው። ብርድ የሚያሰጋው ከፍ ባሉት ቦታዎች፣ ያውም ለተወሰኑ ሳምንታት ነው። ብርሃን አይጎድልም። በሽታው ከተለያየ መድኃኒቱም አንድ ሊሆን አይችልም።

አንድ ወር፣ ሁለት ስም

መዝገበ ቃላቱ ዊንተርን «ክረምት»፣ ሰመርን «በጋ» ብሎ ይመልሳል። ዩኒቨርሲቲው ግን በሐምሌና በነሐሴ የሚማሩትን መምህራን «የሰመር ተማሪዎች» ይላቸዋል። ያው ሐምሌ በመዝገበ ቃላት ዊንተር፣ በግቢው ማስታወቂያ ሰመር ሆኖ ቁጭ አለ ማለት ነው። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። መዝገበ ቃላቱ ብርዱንና ጨለማውን ሰማይ፣ ዩኒቨርሲቲው የፈረንጆቹን የቀን መቁጠሪያ አይቷል።

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የአውሮፓው ዊንተር ከታኅሣሥ 12 ገደማ ተነሥቶ መጋቢት 11 ወይም 12 ላይ ያልቃል። ስለዚህ የሚገጥመው ከመጸው ጭራና ከበጋው ጋር ነው እንጂ ከክረምት ጋር አይደለም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ብርዱ የሚበረታው ዝናቡ ካለፈ በኋላ መሆኑን ያውቅ ነበር። የወሎ ገበሬ ደግሞ በዕለት ንግግሩ የሚቆጥረው በአብዛኛው ሦስቱን ነው፦ ክረምት፣ በጋና በልግ። በልግ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጥለው አጭሩ ዝናብ ነው፤ ለጓሮም ብዙ ስለሚለውጥ ኋላ እንመለስበታለን።

የዘር ፓኬት ላይ ያለ ስምም እንዲሁ ያታልላል። ዘመድ ከውጭ በሚልከው ዘር ላይ «ዊንተር ስኳሽ» የሚል ተጽፎ ይገኛል። ይህ የዱባ ዓይነት ነው። ስሙን ያገኘው ቅርፊቱ ወፍራም በመሆኑ ተለቅሞ ብርዱን ወራት በጎተራ ስለሚከርም ነው፤ ማሳው ላይ ሳለ ግን የአንድ ሌሊት ውርጭ አይችልም። ስሙን አምኖ በኅዳር ደጋ ላይ የዘራው ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው ቅጠሉ ከጠቆረ በኋላ ነው።

የገንፎ ምንቸት ሲገባ

«የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለው ክረምቱ ሲያልፍ ነው። አባባሉ የጓሮን ታሪክ በአጭሩ ይዟል። ጎመን የሐምሌና የነሐሴ መሻገሪያ ነበር። ጎተራው ተራቁቶ አዲሱ እህል እስኪደርስ ጓሮው ቤተሰቡን ይዞ ያቆያል። እህሉ ሲደርስ ጎመኑ ይናቃል፤ መደቡም ይተዋል፤ ከብት ይገባበታል።

ለአትክልት የሚመቸው አየር የሚጀምረው ግን ጓሮው በሚተውበት በዚያው ሰሞን ነው። በክረምት ዝናቡ ነፃ ቢሆንም ደመናው ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ጎርፉ የአፈሩን ለም ክፍል ያጥባል፣ ቅጠሉ ሲረጥብ ውሎ ያድራል። እርጥብ ቅጠል የበሽታ መንገድ ነው። የድንችንና የቲማቲምን ቅጠል በጥቂት ቀናት የሚያጠቁረው፣ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙለት ይዛመታል። ቲማቲም በክረምት የሚወደደው በመንገድ ብልሽት ብቻ አይደለም፤ ይህ በሽታም ድርሻ አለው። ከመስከረም በኋላ ፀሐዩ ይወጣል፣ ቅጠሉ ይደርቃል፣ ሌት ብላይት ጋብ ይላል። በምትኩ የደረቁ ወራት የራሳቸውን ተባይ ያመጣሉ፦ ጎመን ላይ ክሽክሽ፣ ቲማቲም ላይ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ቅጠልና ፍሬ ሰርሳሪ ትል።

ፍላጎትም የሚበረታው በእነዚሁ ወራት ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። 55 ቀናት የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ይጀምራል። በ2017ም በ2018ም ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር በየካቲት ውስጥ ጥቂት ቀናት ብቻ ተራርቀው ገብተዋል። ሁለቱም ጾሞች በአንድ ግቢ በሚጾሙበት በወሎ፣ የሽሮውም የሾርባውም የሳምቡሳውም ሽንኩርትና ድንብላል ከአንድ ገበያ ነው የሚገዛው።

ብርሃን ሞልቷል

ለንደን ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀኑ ከ8 ሰዓት ያንሳል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ አጭሩ ቀኗ እንኳ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ረጅሙም ከ12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብዙ አይዘልም። የሰሜኑ አትክልተኛ መስታወት ቤት የሚሠራው፣ አምፖል የሚያበራው፣ ችግኙን መስኮት ሥር የሚያስቀምጠው ይህን ጉድለት ለመሸፈን ነው። እዚህ ያንን መኮረጅ ገንዘብ ማባከን ነው።

የቀን ርዝመት በሌላ በኩል ግን ዋጋ ያስከፍላል። ቀይ ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው ቀኑ ለዝርያው የሚበቃ ያህል ሲረዝም ነው። ለሰሜን አውሮፓ የተዳቀሉት ዝርያዎች 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚረዝም ቀን ይፈልጋሉ። በወሎ እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አንድም ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ ከውጭ የመጣው ዘር ያምራል፣ ይለመልማል፣ ቅጠሉ ይረዝማል፤ ራስ ግን አይቋጥርም። ሰው ጥፋቱን በአፈሩ ወይም በማዳበሪያው ያሳብባል። አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ የሚባሉት በአገራችን የተለመዱ ዝርያዎች ለአጭር ቀን የሚስማሙ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ከዘመድ ስጦታ የገበያው ዘር ይሻላል።

ከቆቦ እስከ ደላንታ

«በወሎ መቼ ይተከል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። ቆቦ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ሙቀት በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ኮምቦልቻና ደሴ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ ይህም ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል። ኮምቦልቻ በታኅሣሥ ቲማቲም የሚያፈራ ጓሮ ሊኖራት ይችላል፤ ደሴ ላይ ያው ቲማቲም ያብባል፣ አበባው ይረግፋል። ሌሊቱ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቲማቲም ፍሬ መያዝ ይቸግረዋልና።

በቆቦ፣ በባቲና በከሚሴ አካባቢ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ነው። ብርድ አያሰጋም፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ወላፈንም ገና ነው። በሐይቅ፣ በመርሳ፣ በወልድያና በኮምቦልቻ የሽንኩርት ችግኝ በመስከረምና በጥቅምት ፈልቶ ኅዳር ላይ ወደ መደቡ ይዛወራል፤ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለ ብዙ ችግር ይሄዳሉ።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ደጋው ነው፦ የደሴ ዙሪያ ከፍታዎች፣ ኩታበር፣ ወረኢሉ፣ ለጋምቦ፣ ደላንታ፣ ዋድላና መቄት። እዚህ ዋናው ነገር ቀድሞ መጀመር ነው። በነሐሴ ችግኝ ፈልቶ በመስከረም ከተዛወረ፣ ሥሩ በክረምቱ እርጥበት ጠልቆ ብርዱ ሲመጣ ተክሉ ጎርምሶ ይጠብቃል። በኅዳር የተተከለ ችግኝ ግን ባይሞት እንኳ እስከ ጥር ድረስ እንደተተከለ ይቆማል። ብርዱን የሚችሉት ሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት ናቸው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶልያ፣ ዱባና ዝኩኒ አይችሉም። የድንችም ቅጠል ይቃጠላል። እነዚህ የካቲትን ቢጠብቁ ይሻላል።

ውርጭ እንዴት ይወርዳል

ብዙ ሰው ውርጭን እንደ በረዶ ከላይ የሚዘንብ አድርጎ ያስበዋል። እንዲያ አይደለም። ቀን ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይመልሳል። ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ይይዘዋል፤ በክረምት ውርጭ የማይበዛው ለዚህ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ጸጥ ሲል ሙቀቱ ሳይመለስ ይሄዳል። ከመሬት ጋር የተነካካው አየር ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፣ ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። በጦሳና በአዝዋ መካከል በተቀመጠችው ደሴም ሆነ በየደጋው መንደር፣ ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ ተርፎ ወንዝ ዳር ያለው የሚቃጠልበት ምክንያት ይኸው ነው። አጥር ወይም የድንጋይ ካብ ከጓሮው በታች በኩል ከተሠራ ቀዝቃዛውን አየር አጉሮ ያስቀረዋል፤ ከታች መውጫ ቀዳዳ መተው ይረዳል።

እጅግ የሚቀዘቅዘው ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ነው። የአየር ትንበያ ላይ የሚነበበው ቁጥር ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተለካ ነው። በጠራ ሌሊት ቅጠሉ አጠገብ ያለው ከዚያ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ሊያንስ ስለሚችል ስልኩ 3 ዲግሪ እያለ መደቡ ላይ ውርጭ ሊጋገር ይችላል።

ላስቲክ ላይ የሚታየው እምነትም መታረም አለበት። ስሱ ላስቲክ ቀን እንደ ምድጃ ይሆናል፤ በዚህ ኬክሮስ የታኅሣሥ ፀሐይ እንኳ ችግኝ ለመቀቀል ትበቃለች። ሌሊት ደግሞ መሬቱ የሚለቀውን ሙቀት ያሳልፈዋል፣ ጥቅሙም ከሚታሰበው በታች ይሆናል። አሮጌ ነጠላ፣ ጆንያ፣ ሰሌን ወይም ሣር ማታ ማልበስና ጠዋት ማንሣት ከላስቲኩ የተሻለ ያገለግላል። ልብሱ ቅጠሉን ሳይነካ በእንጨት ቢደገፍ ይመረጣል።

ጉዝጓዝ ላይ ሲደርስ ሁለት ጥሩ ምክሮች ይጋጫሉ። አፈሩን በገለባ መጎዝጎዝ እርጥበት ይቆጥባል፤ ለበጋ ጓሮ ከዚህ የሚበልጥ ርካሽ ዘዴ የለም። ነገር ግን ጉዝጓዙ አፈሩ ቀን ሙቀት እንዳይጠጣ፣ ሌሊትም የያዘውን ለቅጠሉ እንዳያካፍል ይለየዋል። ስለዚህ የተጎዘጎዘ መደብ ላይ ያለ ቅጠል ከተራቆተው ይልቅ በውርጭ ሊጎዳ ይችላል። በደጋው ውርጭ በሚያሰጋባቸው ሳምንታት ገለባውን ከተክሉ ዙሪያ ገፋ ማድረግና አፈሩን ጠዋት ማጠጣት ይመከራል። እርጥብ አፈር ከደረቁ የበለጠ ሙቀት ይይዛል። ቆላና ወይና ደጋ ላለ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ አይመለከተውም፤ ይጎዝጉዝ።

የውሃው ሒሳብ

በበጋ፣ ለምለም አትክልት የያዘ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 10 ካሬ ሜትር መደብ ያለው ቤተሰብ በቀን ከ40 እስከ 50 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ወይም ከቦኖ በጀርባ በሚቀዳበት ቀበሌ ይህ ቀላል ጭነት አይደለም። የሚሸከሙትም ብዙውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው።

የጣሪያ ውሃ ማጠራቀም የሚባለው መፍትሔ በቁጥር ሲታይ ይቀንሳል። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በክረምት በጥቂት ዝናብ ይሞላል፤ ይሁንና ያንኑ 10 ካሬ ሜትር የሚያጠጣው 25 ቀን አካባቢ ብቻ ነው። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥር መጨረሻ ለመዝለቅ ወደ 5,000 ሊትር ይጠጋል። ሮቶው ዋጋ የሚኖረው እንደ መጠባበቂያ፣ ፈረቃው ሲዘገይ ነው።

የበለጠ ተስፋ የሚሰጠው እጣቢው ነው። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤት በቀን በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር ቢጠቀምና ግማሹ ቢሰበሰብ 50 ሊትር ይሆናል፤ ከላይ ካለው ፍላጎት ጋር መግጠሙን ልብ ይሏል። ሆኖም ሁሉም እጣቢ አንድ አይደለም። የአትክልትና የእህል ማጠቢያ ውሃ በቀጥታ ይፈሳል። የልብስ ሳሙናና ኦሞ ያለበት በተደጋጋሚ ከፈሰሰ በውስጡ ያለው ሶዲየም አፈሩን ያጠነክረዋል፤ ከንጹሕ ውሃ ጋር ማፈራረቅ ያስፈልጋል። በረኪና ያለበት ጨርሶ አይገባም። ከእጣቢ ውስጥ የትኛውም ቢሆን ከሥር ይፈሳል እንጂ በጥሬው በሚበላ ሰላጣ ላይ አይረጭም።

ይህ ጥንቃቄ በወንዝ ውሃ ላይ እጥፍ ይሆናል። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በመንገዱም የከተሞችን ፍሳሽ ይቀበላል። በእንዲህ ያለ ውሃ የለማ ሰላጣና ቆስጣ የወስፋት እንቁላል ይዞ ማዕድ ላይ ሊደርስ ይችላል። ለራሳቸው የሚተክሉ ሰዎች ከሚያነሡት ምክንያት አንዱ ይህ ነው፤ ከዋጋው ይልቅ ውሃው ከየት እንደመጣ ማወቃቸው።

ሁለቱ ወገኖች

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት መርሐ ግብር፣ የሌማት ትሩፋት፣ በዋናነት ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ላይ ቢያተኩርም ጓሮ አትክልት በየቀበሌው አብሮ ይነሣል። ሁሉም ቤት በጓሮው አትክልት ያልማ የሚለው ወገን መከራከሪያ ግልጽ ነው። ጎመንና ቆስጣ በቤት ካለ የኪስ ወጪ ይቀንሳል፣ የልጆች ማዕድ ይሻሻላል፣ ቦታ የሌለውም በጆንያ አፈር ሞልቶ መትከል ይችላል።

ተቃራኒው ወገን የሚያነሣው ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለከተማ ቤተሰብ የቧንቧ ውሃ አፍስሶ ሽንኩርት ማልማት፣ ቆቦ ላይ በጉድጓድ ውሃ በመስኖ ከሚያመርተው ገበሬ ጋር በዋጋ አይወዳደርም። ተከራይ የሆነ ሰው አፈር አሳምሮ በስድስተኛው ወር ሊለቅ ይችላል። ተሁለደሬን በመሰሉ ወይና ደጋ አካባቢዎች ደግሞ ውሃ የሚደርስበት ጓሮ በጫትና በጌሾ ተይዟል፤ ከጎመን የሚበልጥ ገንዘብ ያስገኛሉና ባለቤቱን ጎመን ትከል ማለት ኪሳራ ግባ እንደማለት ነው።

ሚዛኑ ያለው በምርጫው ላይ ይመስላል። ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም ከመስኖ ገበሬው ቢገዙ ያዋጣል፤ ብዙ ቦታና ውሃ ይጠይቃሉ፣ ተጓጉዘውም እንደ ቅጠላ ቅጠል ቶሎ አይበላሹም። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ድንብላልና በሶብላ ግን ተቃራኒ ናቸው። በአንድ ቀን ይጠወልጋሉ፣ ከመሬት ስፋት አንፃር ብዙ ይሰጣሉ፣ ከታች እየተቀነጠሱ ለወራት ይበላሉ። አራት ካሬ ሜትር ቆስጣ የሚጠጣው በቀን አንድ ጀሪካን ነው፤ ይህን እጣቢው ብቻ ይችለዋል። ዘመቻዎቹ «ሁሉም ቤት ሁሉንም አትክልት» ማለታቸውን ትተው በእነዚህ ላይ ቢያተኩሩ፣ በጥቅምት የተጀመረው መደብ በጥር ደርቆ የሚታይበት ጊዜ ይቀንስ ነበር። ጆንያውም የራሱ ጉድ አለው፦ አፈሩ ከአራቱም አቅጣጫ አየር ስለሚመታው ቶሎ ይደርቃል፣ ሌሊትም ቶሎ ይቀዘቅዛል። በደጋው ከግድግዳ ተጠግቶ፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት ጎን ቢቀመጥ የግድግዳው ሙቀት ሌሊቱን ይደጉመዋል።

የካቲት ላይ

ከዚህ በኋላ ያለው በልግ ነው። የወሎ ደጋ ከብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የሚለየው ሁለተኛ ዝናብ ስላለው ነው፤ ውርጩ የሚለቅበትና የበልጉ ደመና የሚጠበቅበት ጊዜም ይቀራረባል። በልጉ በሰዓቱ ከገባ የሁለት ጀሪካኑ ሸክም ይቀላል፤ ብርድ የማይችሉት ድንችና ፎሶልያም መሬት ይይዛሉ። ነገር ግን በልግ ከዓመት ዓመት የሚዋዥቅ ዝናብ ነው፤ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ጀምሮ ያቋርጣል። ስለዚህ የደጋው ባለጓሮ በየካቲት መጀመሪያ ላይ ችግኙን በሙሉ አያወርድም። ግማሹን ተክሎ፣ ግማሹን እጣቢው በሚደርስበት ትንሽ መደብ አፍልቶ፣ ሰማዩን እያየ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል።